ሰጉላ፦ የተዘጉ ፋብሪካዎችንና ሆስፒታሎችን ለምን ፎቶ አነሳለሁ?

ብዙ ጊዜ በዚህ ፖድካስት የምትሰሙት ሁለት ሰው ሲጨዋወት ነው። ዛሬ ግን አዘጋጆቹ «አንተ ብቻህን አውራ፣ እኛ እንሰማሃለን» ብለው ማይኩን ለእኔ ትተውልኛል። እንግዲህ ካሰለቸኋችሁ ጥፋቱ የእነሱ ነው።

የምኖረው ፔታሕ ቲክቫ ነው። በሙያዬ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ዓርብ ጠዋት ሥራ ስለሌለኝ ካሜራዬን ይዤ እወጣለሁ። ሰው «ምን ታነሳለህ? ሠርግ ነው?» ይለኛል። «አይ፣ የተዘጋ ፋብሪካ፣ ሰው የለቀቀው ሆስፒታል ነው» ስል ፊቱ ይለወጣል። አንዲት አክስቴማ «ምነው ልጄ፣ የሚነሳ ሰው ጠፍቶ ነው?» ብላ አዝናልኛለች። ዛሬ ለአክስቴም ለእናንተም መልስ ልስጥ ብዬ ነው። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እዚህ አገር እንደምንቆጥረው በፈረንጆቹ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሰፈሩ ልንገራችሁ። ሰጉላ ከፔታሕ ቲክቫ በምሥራቅ በኩል ያለ የኢንዱስትሪ ሰፈር ነው። በባቡር የምትመላለሱ ሰዎች ጣቢያውን በስሙ ታውቁታላችሁ። ሰጉላ የሚለው ቃል ደግሞ በኦሪት ዘጸአት ላይ አለ፤ እግዚአብሔር ለእስራኤል «የተመረጠ ርስት ትሆኑልኛላችሁ» ሲል የተጠቀመበት ቃል ነው። እንግዲህ በዚህ ትልቅ ስም የሚጠራው ሰፈር ውስጥ ያለው ሙሳክ፣ የእንጨት ሥራ ቤት፣ መጋዘን፣ ፋብሪካና እምነ በረድ ቆራጭ ነው። አጠገቡ የከተማዋ የድሮ መቃብር አለ፤ እሱም ሰጉላ ነው የሚባለው። ጠዋት ከባቡር የሚወርደው ሠራተኛና ለቀብር የሚመጣው ሰው በአንድ መንገድ ይተላለፋሉ።

ፔታሕ ቲክቫ በ1878 ስትመሠረት የገበሬ መንደር ነበረች። ከሁሉም ቀድማ ስለተቆረቆረች «የሞሻቮች እናት» ይሏታል። ቀስ በቀስ በብርቱካን ታወቀች፣ ቀጥሎ ፋብሪካው መጣ። አሁን ደግሞ ፋብሪካው ተራውን እየለቀቀ ነው። ቢሮና የገበያ አዳራሽ ይሠራል፣ አሮጌው ሕንፃ ይታጠርና መፍረሻውን ይጠብቃል። በሩ ከተዘጋበት ቀን አንሥቶ ቡልዶዘሩ እስኪመጣ ያለው ጊዜ፣ አንዳንዴ ስድስት ወር አንዳንዴ ስድስት ዓመት ይሆናል። እኔ የምሠራው እዚያ ውስጥ ነው።

እናቴ ከእነዚህ ፋብሪካዎች በአንዱ ውስጥ 14 ዓመት ሌሊት ሌሊት አጽድታለች። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ ለምናወራው ነገር አያስፈልግም። በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ነው የመጣነው፤ ያኔ እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። መጀመሪያ ካራቫን፣ ከዚያ እዚህ ከተማ ሁለት ክፍል ያላት ቤት። እማዬ በ1996 ሥራ ጀመረች። ማታ እኛን እራት አብልታ ትወጣለች፣ ጠዋት ለትምህርት ቤት ስንነሣ ጫማዋን በር ላይ እናየዋለን። «የት ነው የምትሠሪው?» ስላት «ሰጉላ» ትላለች፤ በቃ። ሰጉላ ለእኔ እናቴን ማታ የሚወስድ፣ ጠዋት የሚመልስ ቦታ ነበር።

ፋብሪካው በ2012 ተዘጋ። እማዬ ከዚያ በፊት ወገቧን ታማ ወጥታለች። በ2014 አንድ ዓርብ ጠዋት፣ እኔና አንድ ጓደኛዬ በአጥሩ ቀዳዳ ገባን። ልንገራችሁ፣ ሳላፍር አይደለም የምናገረው። ያኔ በኢንተርኔት የማያቸው ፎቶዎች ልቤን ወስደውት ነበር፤ ዝገት፣ የተሰበረ መስታወት፣ በጣራ ቀዳዳ የሚገባ ብርሃን። እኔም እንደዚያ ላንሳ ብዬ ነው። ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥተን ከዚያ በታችኛው ክፍል ጣራ ላይ ልራመድ እግሬን ሳስቀምጥ ሰሌዳው እንደ ደረቅ እንጀራ ተሰነጠቀ። አንድ እግሬ እስከ ጉልበቴ ገባ። ጓደኛዬ በቦርሳዬ ማንገቻ ባይዘኝ ኖሮ ስድስት ሜትር ወደ ታች ነበር።

ገና ሳንረጋጋ ከታች በዕብራይስጥ የሚጮህ ድምፅ ሰማን። ወርደን ስናይ ሾሜሩ የእኛ ሰው ናቸው፤ ሽበታቸው የወጣ አባት። እሳቸውም አዩንና ዕብራይስጡን ተዉት። «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። እንግዲህ ይህን ጥያቄ ፖሊስ ቢጠይቀኝ ይሻል ነበር። የእናቴን ስም ነገርኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና «እናትህ እዚህ ስትለፋ የኖረችው አንተ ከጣራ ወድቀህ እንድትሞት ነው?» አሉ።

«ይቅርታ አባባ፣ ፎቶ ላነሳ ብዬ ነው» አልኩ።

«ስማ ልጄ። አንተ ብትወድቅ ሰው ሁሉ ለአንተ ያዝናል። ‹የት ነበርክ?› ተብሎ የሚጠየቀው ግን እኔ ነኝ። ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። በቀዳዳ ስትገባ እኔን ነው የረገጥከኝ።»

ከዚያ ከፔርሙሳቸው ሻይ ቀዱልን። በሩ ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ አሳዩኝና «ስልክ ቁጥሩ ተጽፎልሃል፤ ደውልና ጠይቅ፤ አፍ የለህም?» አሉኝ። እኔ እስከዚያን ቀን ሰሌዳውን ያየሁት «መግባት ክልክል ነው» የሚለውን ብቻ አንብቤ ነው።

ይህን የምነግራችሁ በእኛ ነገር ውስጥ ስለ ዘበኛው የሚያወራ ሰው ስለሌለ ነው። ይህ ሥራ በዓለም ላይ ብዙ ተከታይ አለው። በካናዳ ቶሮንቶ ጄፍ ቻፕማን የሚባል ወጣት ነበር። በካንሰር ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የሆስፒታሉን ጓዳ ጎድጓዳ እየዞረ ማየት ጀመረ። በ1996 ስለዚሁ ጉዳይ ትንሽ መጽሔት ማዘጋጀት ጀመረ፤ በ2005 በ31 ዓመቱ አረፈ። ብዙ ሰው የዚህን ነገር ሥነ ሥርዓት የተማረው ከእሱ ጽሑፍ ነው፤ አትስበር፣ አትስረቅ፣ በግድግዳ ላይ አትጻፍ። መልካም ነው። ግን አብዛኛው ሰው ዘበኛውን የሚያየው ተደብቆ እንደሚያልፈው እንቅፋት ነው። የእኛ ሰው ደግሞ እዚህ አገር ብዙ በር ላይ ቆሟል። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ ፈቃድ አልገባሁም። «ሕንፃው ባዶ ነው» የሚል ሰው ስሰማ «ዘበኛውስ?» እላለሁ።

ደወልኩ። ሦስት ወር ፈጀ። አንዱ ወደ ሌላው ይመራኛል፣ ሌላው «ደብዳቤ ላክ» ይላል። በመጨረሻ አንዲት ጸሐፊ «ለምንድን ነው የምትፈልገው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ዝገትና ስለ ብርሃን ላስረዳት አሰብኩና ተውኩት። «እናቴ እዚያ 14 ዓመት ሠርታለች፤ ሳይፈርስ ላሳያት እፈልጋለሁ» አልኳት። በሳምንቱ ፈቃዱ መጣ። ሁለት ሰዓት ብቻ፣ ምድር ቤቱ ብቻ፣ የራስ ቁር አድርገን፣ አንድ ሰው አብሮን ሆኖ። ለሚደርስብን ጉዳት ኃላፊነቱ የእኛ እንደሆነም ፈረምን።

እማዬን ማሳመኑ ከባድ ነበር። «ስወጣ ተገላገልኩ ያልኩትን ቦታ ምን ልሠራ እመለሳለሁ?» አለች። ቢሆንም መጣች፤ ነጠላዋን ለብሳ፣ ከላዩ ላይ የራስ ቁር።

ዋናው በር ላይ ስንደርስ ቆመች። «በዚህ በኩል ገብቼ አላውቅም» አለች። ለጽዳት ሠራተኞች በጓሮ በኩል የብረት በር ነበረ። 14 ዓመት በዚያ ነው የገባችው፣ በዚያ ነው የወጣችው። ወደ ትልቁ አዳራሽ ስንገባ ደግሞ ቀና ብላ አየችና «ለካ ይሄ ሁሉ መስኮት ነበረው!» አለች። እኔ አልገባኝም። በኋላ ነው የገባኝ፤ እሷ የምታውቀው በሌሊት ነው። ሌሊት መስኮቱ ጥቁር ግድግዳ ነው። የማሽኑን ዘይት፣ የወለሉን ስንጥቅ፣ የቧንቧውን ድምፅ ሁሉ ታውቃለች። ሕንፃው ፀሐይ እንደሚገባበት ግን አታውቅም ነበር።

ከዚያ መራችኝ። እኔ ካሜራ ይዤ ከኋላ ነኝ። «እዚህ ጋ ሙቅ ውሃ የሚሄድበት ቧንቧ ነበር፤ በክረምት ጀርባችንን አስደግፈን ቆሎ እንበላ ነበር» ትላለች። አራት ሴቶች ነበሩ። ሦስቱ ከእኛ፣ አንዷ ከሩሲያ የመጣች። የሩሲያዋ ባገሯ መሐንዲስ ነበረች አሉ። እዚህ ግን ባልዲ ይዛ፣ ማሽኑን እያየች «ይሄ ክፍል ተበላሽቷል፤ ነገ ይቆማል» ትላለች። በማግስቱ ይቆማል። የሚሰማት ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወደ መጥረጊያና ባልዲ ማስቀመጫዋ ጠባብ ክፍል ገባን። እማዬ በሩን ወደ ራሷ ሳበችና ከበሩ ኋላ ያለውን ግድግዳ በእጇ ዳበሰች። «ቀብተውታል» አለች።

«ምኑን?»

«ቁጥሬን።»

እናቴ ስትመጣ ማንበብና መጻፍ አትችልም ነበር። የቀጠራት ካብላን ወሩ ሲያልቅ «19 ሌሊት ነው የሠራሽው» ይላታል። እሷ 22 እንደሠራች ታውቃለች፤ ግን በምን ታስረዳ? ስለዚህ በየሌሊቱ ስትገባ ከበሩ ኋላ በቤት ቁልፏ አንድ መስመር ትጭራለች። ወሩ ሲያልቅ ትቆጥራለች። ሌሎቹም ሴቶች ጀመሩ፤ ለእያንዳንዷ የራሷ ቦታ። አንድ ቀን ሰውየውን በእጁ ይዘው ወደዚያ ክፍል አስገቡትና አሳዩት። «ይሄ ወረቀት አይደለም» አለ። የሩሲያዋ ሴትዮ ግን ቀኑን ከግድግዳው ወደ ደብተር ገልብጣ ነበር። ያን ወር የጎደላቸውን አገኙ። የቀደመው ቀረ።

ይህን ታሪክ በቤታችን ማንም አልሰማም ነበር። ለምን እንዳልነገረችን ስጠይቃት «ምን ይሠራላችኋል? እናንተ ትምህርታችሁን ተማሩ» አለችኝ።

አሁን ወደ ፎቶው ልምጣ፤ ፎቶ ለምትወዱ ይጠቅማል። ግድግዳው በቀለም ስለተሸፈነ ከፊት ለፊት ብርሃን ብታበሩበት ምንም አይታይም። ነጭ ግድግዳ ነው። ፍላሽ ብትጠቀሙ ጭራሽ ይጠፋል። እኔ ካሜራውን በሦስት እግሩ ላይ አቆምኩ፣ በሩን ዘጋሁት፣ ክፍሉ ጨለመ። ከዚያ ባትሪዬን ከግድግዳው ጎን፣ ግድግዳውን ሊነካ እስኪደርስ አስጠግቼ አበራሁ። ብርሃን በአግድም ሲመጣ ትንሽ ጉድጓድ ሁሉ ጥላ ይጥላል። ከቀለሙ ሥር መስመሮቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ እንደ ታረሰ ማሳ። ኢሶ 100፣ ቀዳዳውን ኤፍ 8 ላይ፣ መዝጊያውን ለስምንት ሴኮንድ ከፍቼ አነሣሁት። የድሮ ጽሑፍ የሚያጠኑ ሰዎችም በድንጋይ ላይ የጠፋ ፊደል የሚያነቡት በዚሁ መንገድ ነው።

እማዬ በካሜራው ስክሪን ላይ አየችውና በጣቷ መቁጠር ጀመረች። አብሮን ያለው ሰውዬ ሰዓቱን አየ፣ ግን ዝም አለ።

ሕንፃው በሚቀጥለው ዓመት ፈረሰ። ዝገቱንና የተሰበረውን መስታወት ያነሣሁበት ፎቶ ብዙ አለኝ፤ አሁን ሳያቸው ከሌላ አገር ፋብሪካ አይለዩም። በርግጥ ሕንፃን ለራሱ ማንሳት ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። በርንድና ሂላ ቤኸር የሚባሉ ጀርመናዊ ባልና ሚስት ከ1959 ጀምረው ለብዙ አሥርት ዓመታት የውሃ ማማ፣ የብረት ማቅለጫ፣ የማዕድን ማውጫ ማማ በተመሳሳይ መንገድ፣ ደመናማ ቀን እየጠበቁ አንሥተዋል። ካነሷቸው ብዙዎቹ ዛሬ የሉም፤ ፎቶዎቹ ግን ትልልቅ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ያለ እነሱ የዚያ ዘመን ኢንዱስትሪ መልኩ ይጠፋ ነበር። ነገር ግን በእነሱ ፎቶ ላይ ሰው የለም። እኔ ደግሞ ከእናቴ ወዲህ ሰውየውን ሳላገኝ ሕንፃውን ማንሳት ይከብደኛል።

ይህን በደንብ ያየሁት ድሬዳዋ ነው። በ2018 ለዘመድ ጥየቃ ኢትዮጵያ ስሄድ ድሬዳዋ ድረስ ወረድኩ። የድሮው የባቡር መስመር ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ ሥራው ከጅቡቲ በ1897 ተጀመረ፣ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ወደ 784 ኪሎ ሜትር ነው። ከተማዋም የተወለደችው ባቡሩ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ ነው። ባቡሩ እኛ ቋንቋ ውስጥም ገብቶ ቀርቷል፤ ፈረንሳዮቹ «ሸመን ደ ፌር» ያሉትን «ሸሚንደፈር» አልነው፣ «ላ ጋር» ያሉት ጣቢያ «ለገሃር» ሆነ። በ2016 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ አሮጌው መስመር በአብዛኛው ሥራው ቆሞ ነበር።

የድሬዳዋው የጥገና ግቢ ግን አልተዘረፈም። ጥያቄ አቅርቤ ትንሽ ከፍዬ ገባሁ። አንድ አዛውንት መሩኝ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያ የሠሩ ናቸው። የቆሙ ፉርጎዎች፣ የድሮ ሎኮሞቲቮች፣ በረድፍ የተደረደሩ ቶርኖዎች። እሳቸው በየማሽኑ አጠገብ ሲቆሙ የዕቃውን ስም በፈረንሳይኛ ይጠሩታል፣ ከዚያ ሥራውን በአማርኛ ያስረዱኛል። አንዱን ማሽን በጨርቅ ወለወሉና «ይሄ አሁን ብታዘው ይሠራል» አሉኝ። «ማን ያዘዋል አባባ?» ስላቸው ሳቁ። ፎቷቸውን ሳነሳ እጃቸውን ማሽኑ ላይ አሳረፉ፤ እኔ አላልኳቸውም። የተተወ ቦታ ነው ብዬ ሄጄ ነበር። እሳቸው ግን አልተዉትም።

ስለ ሆስፒታል ደግሞ ላንሳ፤ እዚያ ነገሩ ከባድ ይሆናል። ፋብሪካ ውስጥ የሚቀረው ዕቃ ነው። ሆስፒታል ውስጥ የሚቀረው የሰው ገመና ነው። የሕመምተኛ ካርድ፣ የራጅ ፎቶ፣ የአልጋ ቁጥር። በኢንተርኔት ላይ የተተወ ሆስፒታል ገብተው የሰው ስም የተጻፈበትን ካርድ ከፍተው ያነሡ ሰዎች አሉ። ያ ሰው የእናንተ አያት ቢሆንስ?

ኢየሩሳሌም፣ ታልቢያ ሰፈር፣ ከቲያትር ቤቱ አጠገብ ሃንሰን የሚባል ግቢ አለ። ብዙዎቻችሁ ለኤግዚቢሽን ገብታችሁ ይሆናል። በ1887 የተከፈተ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነበር። ሕንፃውን የነደፈው ኮንራድ ሺክ የሚባል ጀርመናዊ ነው። ስሙ በኋላ የተሰጠው በ1873 የበሽታውን ተህዋሲ ላገኘው ለኖርዌጂያዊው ሐኪም ለሃንሰን ነው። በዙሪያው ረጅም የድንጋይ አጥር አለ። ሰው ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ለማለፍ ይፈራ ነበር፤ ውስጥ ያሉት ግን አትክልት ይተክሉ ነበር፣ ከጓዳቸው ውሃ ይቀዱ ነበር፣ ይኖሩ ነበር። የመጨረሻዎቹ ሕመምተኞች በ2000 ወጡ። ሕንፃው ለዓመታት ባዶ ቆይቶ ታደሰና በ2013 የዲዛይንና የኪነ ጥበብ ማዕከል ሆኖ ተከፈተ። ታሪኩን የሚያሳይ ክፍልም አለው።

እማዬን እዚያም ወስጃታለሁ። የሥጋ ደዌ ማለት ለእሷ ከመጽሐፍ ያነበበችው ነገር አይደለም፤ ባገር ቤት ከመንደር ዳር ተለይተው የሚቀመጡ ሰዎች ታስታውሳለች። በአጥሩ ዙሪያ ሄዳ «ይሄን ያህል አጥር ለማን ነው?» አለች። መልስ አልነበረኝም። በሽታው እኮ ዛሬ በመድኃኒት የሚድን ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቶቹን አቀናጅቶ መስጠትን የመከረው በ1981 ነው። አዲስ አበባ ያለውን አለርትን ታውቁታላችሁ፤ በዘነበወርቅ ሆስፒታል ላይ በ1965 የተመሠረተ፣ ለሥጋ ደዌ ሥልጠና ከአፍሪካ አገሮች ሐኪሞች የመጡበት ነው። ዛሬም ሌላ በሽታ ጭምር እያከመ አለ። አሮጌ ሆስፒታል ሁሉ የተተወ አይደለም። በሽተኛ ያለበትን ግቢ «ያረጀ ይመስላል» ብላችሁ በካሜራ እንዳትገቡበት ይህንን አስታውሱ።

አሁን ወጣቶች ካላችሁ የሥራውን ነገር ልንገራችሁ። ካሜራችሁ ውድ መሆን የለበትም። መቆሚያ ግን ግድ ነው፤ ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ካሜራው መንቀሳቀስ የለበትም። ጠንካራ ጫማ፣ ሁለት ባትሪ፣ ጓንት ያዙ። ብቻችሁን አትሂዱ። ሦስት ብትሆኑ አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቀራል፣ አንዱ ይጠራል። የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ቤት ላለ ሰው ተናገሩ። ወለሉን ሳትፈትኑ አትርገጡ፤ የሊፍት ጉድጓድ ክዳን የለውም፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆንኩ የምነግራችሁ፣ «ተዘግቷል» የተባለ ሕንፃ መብራቱ ተቆርጧል ማለት አይደለም። የተንጠለጠለ ሽቦ አትንኩ።

ከሁሉም በላይ አስቤስቶስን ፍሩ። ያኔ እግሬ የሰበረው የጣራ ሰሌዳ እሱ ነው። ግራጫ፣ ሸንተረር ያለው፣ የሲሚንቶ ሰሌዳ የሚመስል ነገር በአሮጌ ፋብሪካ ጣራ ላይ ታዩታላችሁ። ዝም ብሎ ሲቀመጥ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ሲሰበር ግን በዓይን የማይታይ ክር ይበትናል፤ ወደ ሳንባ ከገባ ከ20 ወይም ከ40 ዓመት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። በሰሜን፣ በናሃሪያ በኩል ከ1952 እስከ 1997 የሠራ የአስቤስቶስ ፋብሪካ ነበረ። የፋብሪካው ቆሻሻ በአካባቢው መንገድና ግቢ ላይ ተደልድሎ ነበር፤ ሰው ጠንካራ አፈር መስሎት። በ2011 ሕግ ወጣና ያንን አፈር መልቀም ሆነ። ተራ የጨርቅ ማስክ ይህን አይመልስም። እንደዚህ የተሰባበረ ካያችሁ ፎቶው ይቅርባችሁ፤ ውጡ። እኔ በዚያን ቀን የለበስኩትን ልብስ ቤት ይዤ ገብቼ ከልጄ ልብስ ጋር ማጠቤን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከውስጥ ዕቃ አታውጡ። ስም ያለበት ወረቀት አታንሱ፤ ካነሣችሁም ስሙን ሸፍኑ። ቦታው ያልተጠበቀ ከሆነ የት እንዳለ በማኅበራዊ ሚዲያ አትጻፉ፤ በማግስቱ ሽቦ የሚነቅል ይመጣበታል።

አንድ ነገር ልለምናችሁና ልጨርስ። ብዙዎቻችን እናትና አባታችን ፋብሪካ፣ ሆስፒታል፣ ሆቴል ውስጥ ሠርተው ነው ያሳደጉን። ሕንፃው በከተማው መዝገብ ላይ ባለቤት አለው፣ መሐንዲስ አለው። የጠረገው ሰው ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ የለም። እነሱም አይነግሩንም፤ ለእነሱ የሚነገር ነገር አይመስላቸውም። ግን ቦታው ላይ ስታቆሟቸው እጃቸው ያስታውሳል። የእናቴ እጅ ከበሩ ኋላ የሄደው እኔ ስለጠየቅኋት አይደለም። ቤት ውስጥ 20 ዓመት ብጠይቃት አትነግረኝም ነበር።

ስለዚህ ሰጉላም ሁን፣ ሌላ ቦታም ሁን፣ እናትህ የሠራችበት ሕንፃ አሁንም ቆሞ ከሆነ ደውልና ፈቃድ ጠይቅ። ካሜራ ባይኖርህ በስልክህ ይሁን። እሷን ይዘህ ሂድ፣ ከኋላዋ ተከተል፣ እጇ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከት። ቡልዶዘሩ ከመጣ በኋላ ጥያቄው ይቀራል፣ መልሱ ይጠፋል።

ፎቶው አሁን ሳሎናችን ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ «ይሄ ምንድን ነው፣ ዘመናዊ ሥዕል ነው?» ይላል። እማዬ «የእኔ ጽሑፍ ነው» ትላለች። ያቺ ያዘነችልኝ አክስቴም በቀደም መጥታ ፊት ለፊቱ ለረጅም ጊዜ ቆመች። ከዚያ ዞር ብላ «የኔም እኮ አለ፤ እዚያው ሰጉላ፣ ሌላ ፋብሪካ ነው። ሳይፈርስ መቼ ነው የምትወስደኝ?» አለችኝ። ጠርቼ ጠይቄያለሁ፤ የፈቃዱን መልስ እየጠበቅን ነው።